ጫፏ የተነከሰችው የተምር ፍሬ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። አላምንም የሚል ካለ ከዚሁ ይመለስ፤ ማንንም ልለምን አልመጣሁም።

በፈረንጆቹ 2017፣ የረመዳን አርብ ነበር። ሳውዲ አረቢያ፣ ደማምና ኾበር መሃል ራካ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። አሱር ተሰግዶ፣ ፀሐይዋ ገና ምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበር...

ዓብዱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ደማም ውስጥ ኤሲ ይጠግናል። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ተናዷል። ወረቀት የሌለው ሳይቀጣ አገሩ እንዲገባ የወጣው የምህረት አዋጅ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ ታናሽ ወንድሙ ኢስሀቅ ግን አልመጣም።

አርብ አርብ ሦስት ሆነው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ ታሪኩ ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆናሉ። «በሩን እሰብራለሁ» ትላለህ፤ መሰበሩን ዕጣ ይወስነዋል። ጨዋታውን ያመጣው ምንያህል ነው፤ ኾበር ማተሚያ ቤት የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ። ከፊሊፒኖ ባልደረቦቹ ተማረውና ከነሱ በላይ ሊቅ ሆነበት።

«የፈረንጅ ተረቱን ግንብ፣ በረዶውን፣ ጆሮው የሾለውን ሕዝብ ለባለቤቶቹ ተውላቸው» ይላል ሁልጊዜ። «በረዶ ላይ ተራምደህ ታውቃለህ? አታውቅም። የማታውቀው አገር አያስፈራህም። ፓስፖርትህን ይዞ የሚያሠራህ ካፊል ያለበት ዓለም ስጠኝ... እዚያ በር ስትከፍት እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

በዚህ ዓብዱም ይስማማል። ዕጣ የሚጣልበትን ዳይስ ግን ሐራም ነው ብሎ አይነካም። ኢስሀቅ ነው መላ የፈጠረው። ተምር በልቶ ፍሬዎቹን አጠበ፣ አደረቀ፣ በቢላ ጫፍ ቁጥር ቀረጸባቸውና የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው። ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይሳካለታል።

ከፍሬዎቹ አንዷ ሞት ናት፤ እሷን ያወጣ ጨዋታው ውስጥ ይሞታል። እሷን አልቀረጻትም፤ ጫፏን ነከሳት። ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ግራና ቀኙ ተጎድቶ መሃሉ ሳይነካ ቀረ።

ከዓመት በፊት ካፊሉ ግመል ጠብቅ ብሎ በረሃ ላከው። የሄደ ቀን ያቺን ፍሬ አውጥቶ ደረት ኪሱ ከተታት።

«እኔ እስክመጣ ማንም አይሞትም» አለና ሳቀ። «ስመጣ ራሴ እመልሳታለሁ።»

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

ዓብዱ ካፊሉ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። ሰውየው «ጠፍቷል፣ ኸላስ» ብሎ በሩን ዘጋበት። ለካ ሁሩብ፣ ከአሠሪው የኮበለለ፣ ብሎ ለመንግሥት አስመዝግቦታል። ሁሩብ የተባለን ሰው ማን ይፈልገዋል? የላከውም እሱ፣ ጠፋ ያለውም እሱ! እኔ ራሴ ይሄን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ውስጥ ሞት የለም። ዓብዱም እንዲሆን የፈለገው ይሄንኑ ነው። ለማን ይነግረዋል እንጂ፣ ያቺ ፍሬ ከቆርቆሮው እስካልገባች ወንድሙ አለ ብሎ ነው የሚኖረው።

ያን ቀን ምንያህል መተረክ ጀመረ።

«በረሃ ነው። አንድ ድንኳን። ታንከሩ ውስጥ ውሃ የለም። ግመሎቹን ወስደዋቸዋል፣ ሰውየው ብቻ ቀርቷል። ልትፈልጉት ነው የመጣችሁት...»

ዓብዱ አንገቱን ቀና አደረገ። «ማነው ሰውየው?»

«የጨዋታ ሰው ነዋ።»

«ወንድሜን ነው መጫወቻ ያደረግከው?»

«ስም ጠራሁ?»

በዚህ መሃል ሦስተኛው ተጫዋች፣ ኸጣብ፣ እጁን አነሳ። አል ጀለዊያ የሚባል ሰፈር የቤት ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ።

«ዝም በሉ እስቲ...» አለ በሹክሹክታ። «ማነው የሚያላምጠው?»

አዳመጡ።

የሆነ ሰው ቀስ እያለ ያላምጣል... ልክ አጠገባቸው።

ተያዩ። የሁሉም ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምንያህል ክርስቲያን ቢሆንም በረመዳን በነሱ ፊት ውሃ እንኳ አይጠጣም።

«ኤሲው ነው» አለ ዓብዱ። እንዳልሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ምንያህል ግን ነገሩን አልተወም። «ሞት የሌለበት ጨዋታ ልጅ ማስተኛ ነው። ዓመት ሙሉ ገደል እየገባን አቧራችንን አራግፈን እንነሳለን። ማን ይፈራል?» አለና ከኪሱ አንድ ፍሬ አወጣ። የትናንቱ ኢፍጣር ትራፊ ነው፤ ጫፉን ራሱ ነክሶታል። ቆርቆሮው ውስጥ ጣለው።

«አሁን ለሰውየው እናውጣለት።»

ዓብዱ ቆርቆሮውን ነጥቆ ምንጣፉ ላይ ገለበጠው። የምንያህልን ፍሬ ለይቶ በመስኮት ወረወረው። የቀሩትን አንድ በአንድ እያገላበጠ አያቸው። ሁሉም ቁጥር አላቸው፣ ሁሉም ደረቅ ናቸው። መልሶ ከተታቸው።

«ይኸው፣ እዚህ ውስጥ ሞት የለም» አለ። «እኔ ራሴ አወጣለታለሁ። አርፈህ ተመልከት።»

«ተው ዓብዱ፣ ፆም ላይ ነህ» አለ ኸጣብ።

አልሰማውም። ንዴቱ ነው እጁን የከተተው።

ጣቱ እርጥብ ነገር ነካ...

ለብ ያለ...

አወጣው።

የተምር ፍሬ ነው፤ አሁን ከሰው አፍ የወጣ። ሥጋው ገና ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ምራቁ መዳፉ ላይ ይወርዳል። ጫፉ ተነክሷል።

ግራና ቀኙ ተጎድቶ፣ መሃሉ አልተነካም።

«አዑዙ ቢላህ...» አለ ኸጣብና ወደ ግድግዳው ሸሸ።

ምንያህል ሁለት ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየ። «እኔ አይደለሁም» አለ። «ወላሂ በል ካልከኝ እላለሁ። እኔ አይደለሁም።»

ዓብዱ ሊመታው ተነስቶ ነበር። ስልኩ አስቆመው። ሚስኮል ነው... ከኮምቦልቻ፣ ከእናቱ። ስፒከር ላይ አድርጎ መልሶ ደወለ። ድምጿ ክፍሉን ሞላው፤ ሁሉም ሰሙ።

«ዓብዱዬ፣ ምነው ደበቅከኝ?»

«ምኑን እማ?»

«ኢስሀቅ ደወለልኝ እኮ። አልሐምዱሊላህ።» ታለቅሳለች። «ድምፁ አልጠራ አለኝ፣ አፉ ሙሉ ነው። ልጄ፣ ፆም አይደለም ወይ ብለው፣ እኔ አፍጥሬያለሁ አለኝ...»

ዓብዱ መስኮቱን አየ። ፀሐይዋ አልጠለቀችም።

«የት ነህ ብለው፣ ዓብዱ ጋ ነኝ አለኝ። እውነት ነው? አንተ ጋ ነው?»

ዓብዱ መዳፉን አየ። በካፊሉ ተናደደ፣ በምንያህል ተናደደ፣ ሁሩብ በምትባለው ቃል ተናደደ። ፍሬዋን ስመጣ እመልሳታለሁ ብሎ ነበር። መጣ ማለት ነው? ሞተ ማለት ነው? ዓመት ሙሉ «ኢንሻአላህ ይመጣል» ሲላት የኖረችን እናት አሁን ምን ይበላት?

«አዎ እማ» አለ። «እዚህ ነው።»

«በል ስጠው።»



ዓብዱ ስልኩን ኢስሀቅ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ራቅ ብሎ ቆመ።

ማላመጡ እንደገና ተሰማ...

እናቱ አዳመጠች። እነሱ ያልሰሙትን የምትሰማ ይመስል ነበር። ከዚያ እንባዋን ሳትጨርስ ሳቀች።

«እሺ የኔ ልጅ» አለች። «ብላ... ብላ።»

ማንም ያልነካው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሌላ ፍሬ ቋ ብሎ ወደቀ።