ሦስት ደቂቃ ከጠረጴዛ ሥር

ሚሬ ከጊቻን ጋር የተዋወቀችው ወድቃ ነው። ዓይኗን ስልኳ ላይ እንደተከለች በደቡብ ኮሪያዋ የቶንግዮንግ ወደብ ስታልፍ እርጥብ መረብ ጠለፋትና የዓሣ ቅርጫት ላይ ተዘረረች። ጊቻን የጀልባ ሞተር እየፈታ ነበር፤ በዘይት የጠቆረ እጁን ዘረጋላት።

«አንቺን ላንሳ ወይስ ስልኩን?»

«ስልኩን!» አለች ሳታስበው።

ሳቀ። እሷም ከት ብላ ሳቀች። ልቧ እዚያው ወደብ ላይ ቀረ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሚሬ አጫጭር ቪዲዮዎችን አንዴ ከከፈተች መውጫው ይጠፋባታል። አንድ ቀን ያሳደገቻት አክስቷ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዓሣ እንድትጠብቅ አደራ ብላት ሄደች። ዝናብ መጥቶ ዓሣውን ሁሉ ሲያበሰብሰው ሚሬ ጣራ ሥር ተቀምጣ ቀና አላለችም። ዓሣውን ያጠመደው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጊቻን አባት! የጊቻን እናት ወይዘሮ ማክሱን ነገሩን በሆዳቸው ያዙት።

ሚሬ በኀፍረት ስታለቅስ ሰነበተችና ለጊቻን እንኳ ሳትነግረው ሕክምና ጀመረች። ሐኪሟ ያለችው ሴኡል ነው፤ የሚገናኙት ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በዚያው በጉደኛው ስልክ ነው።

«በሽታዬና መድኃኒቴ አንድ ቤት ማደራቸው አያስቅም?» አለቻት።

«ያስቃል። ግን ስልክሽን ባሕር ብትወረውሪው ነገ ሌላ ትገዣለሽ» አለች ሐኪሟ። «አምሮቱ ሲነሳብሽ አትታገይው። ስልክሽ ላይ ያስጫንኩሽን የመተንፈሻ ክብ ክፈቺ፤ ሲሰፋ ወደ ውስጥ፣ ሲጠብ ወደ ውጭ ተንፍሺ። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ያልፋል።»

ደግሞም ያልፍ ነበር። የተሸነፈችበትም ቀን አለ፤ ታለቅሳለች፣ በማግስቱ ግን «ሀ» ብላ ትጀምራለች። አቤት ጽናት! ስንቱን ጎበዝ ጠልፎ የጣለ ነገር ነው እኮ።

ከጋብቻ በፊት ቤተሰብ ለቤተሰብ የሚተያይበት ምሳ ደረሰ።

«የኔ ቆንጆ፣ እናቴ ስልክ ካየች አለቀልን» ብሎ ለመናት ጊቻን። «ለዛሬ ብቻ ቤት ተይው።»

«እሺ» አለችው። ግን አምሮቱ እዚያ ቢነሳባትስ? ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ይዛው ሄደች።

ሾርባው እንደተበላ ወይዘሮ ማክሱን የደም ግፊት ክኒናቸውን አወጡ፤ ባላቸው ውሃ ቀዱላቸው። ከዋጡ በኋላ ወደ ሚሬ ዞሩ።

«ዓሣ መጠበቅ ያቃታት ልጅ ትዳር ትጠብቃለች?»

አክስቷ አንገቷን ደፋች። የሚሬ አምሮት ተነሳ። ድሮ ወደ ቪዲዮዎቹ የምትሸሸው እንዲህ ስትጨነቅ ነበር። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ፤ ከጠረጴዛ ሥር ክቡን ከፈተች።

«ይኸው!» ወይዘሮ ማክሱን ጠረጴዛውን መቱት። «ፊቴ ላይ! ጊቻን፣ ይቺን ነው የምታገባው?»

ጊቻን ወደ እሷ ዞረ።

«ለምኜሽ ነበር እኮ» አላት፤ ይህ ከእናቱ ቁጣ ይልቅ ጎዳት።

ሰዓት አይቼ ነው ብላ መዋሸት ትችል ነበር። እሷ ግን ስልኩን አውጥታ የሾርባ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ክቡ ይሰፋል፣ ይጠባል።

«እናቴ፣ አሞኛል» አለች ወደ ወይዘሮ ማክሱን ዞራ። « ከዓሣው ቀን ጀምሮ እየታከምኩ ነው። ይኼ መድኃኒቴ ነው። ለጊቻን ያልነገርኩት አፍሬ ነው። አሁን ትንሽ ይቀረኛል፤ ስጨርስ የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ዓይኗን ጨፍና መተንፈስ ቀጠለች። አንድ ሻካራ፣ ዘይት ዘይት የሚሸት እጅ ጣቶቿን ሲይዛት ተሰማት። ጊቻን አብሯት ይተነፍስ ነበር።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊት ለፊቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀድቷል። ማንቆርቆሪያው ያለው በወይዘሮ ማክሱን እጅ ነው።

«ጠጪ እንጂ!» አሉ ቆጣ ብለው። «መድኃኒት ተወስዶ እንዲሁ በደረቁ ይቀመጣል እንዴ፣ ልጄ?»