ኃይል ተቋርጧል

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። የወንድሜ ስልክ ተሰንጥቆ ሲገኝ በዚያ ደቂቃ የደረሰው ጽሑፍ ገና መስታወቱ ላይ ይታይ ነበር፦ «ኃይል ተቋርጧል።» ኃይሉ ግን አልተቋረጠም ነበር። ወንድሜ ጽሑፉን አምኖ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሊፍቱ ከላይ መጣበት።

ወንድሜ የሊፍት ደህንነት ተቆጣጣሪ ነበር። እኔ የዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አሠራራችንን ሳስበው አሁን ያመኛል። ኤሌክትሪሲያኑ ጣራ ላይ ወጥቶ ኃይሉን እንዳጠፋ በወንድሜ ካላንደር ላይ «ኃይል ተቋርጧል» ብሎ ይጽፋል፤ ወንድሜ ታች ሆኖ በስልኩ ያይና ይገባል። መደዋወል ከቀረ ቆይቷል። እዚያ ካላንደር ላይ መጻፍና መሰረዝ የምንችለው ደግሞ ሦስት ነበርን፦ ኤሌክትሪሲያኑ፣ የወንድሜ ምክትል እና እኔ።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ካላንደሩ ሲታይ ጽሑፉ የለም። አንድ ሰው ሰርዞታል።

እኔ ሰኞ ሰኞ ያለፈውን ሳምንት ፕሮግራም ወደ አዲሱ እገለብጣለሁ። ያለፈው ማክሰኞም ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ያ ቃል ነበረ። አብሬ ገልብጬው ቢሆንስ? ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ለቅሶ ላይ እናቴ እጄን ስትይዘኝ መንጭቄ መሸሽ ያምረኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት መርማሪዋ ቢሮ መጡ። አጠር ያሉ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ከሚናገሩት የሚያዩት ይበዛል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪሲያኑን አስቀመጡ።

«ሽቦ የሚሉህ አንተን ነው?»

«አዎ። ሥራዬን ይሁን ቁመናዬን አይተው አላውቅም።»

«ሦስት ከአሥራ ሁለት ላይ የት ነበርክ?»

«ደረጃ ላይ፣ እያለከለክሁ! ሊፍት ሊያጠፋ የሚሄድ ሰው በሊፍት አይሄድ። ገና አራት ፎቅ ይቀረኝ ነበር።»

«ሊፍቱ ሲወርድ ሰማህ?»

ሽቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መስማቱን ሁላችንም አወቅን።

ምክትሉ ሳይጠሩት መጣ። «እኔ ቢሮ ነበርኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ይመሰክራሉ። እንዲያው ነገሩ ግልጽ ነው እኮ። ሰኞ ሲገለበጥ አብሮ የመጣ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሰርዛል።» ወደ እኔ ዞረ። «አይዞሽ እቴ፣ ማንም አይፈርድብሽም።»

ከስድብ ይልቅ ያ «አይዞሽ» አመመኝ።

መርማሪዋ በሩን ዘጉና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሰርዘሻል፣ ልጄ?»

«አልሰረዝኩም።»

«ጽፈሽዋል?»

«አላውቅም! አላውቅም እኮ ነው የምልዎት!»

ኮምፒውተሬን ወደ እኔ ገፉልኝ። «የሌላ ሰው ካላንደር ላይ ገብተሽ አንድ ነገር ብትሰርዢ፣ የተሰረዘው የት ይገባል?»

«በባለቤቱ ኢሜይል ‹የተሰረዙ› ፎልደር ውስጥ ነዋ።»

«አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቼ አላውቅም። «በሥራ አስኪያጁ ካላንደር ሞክሪው» አሉኝ። አንድ ቃል ጽፌ ሰረዝኩ። የሰረዝኩት ነገር ሥራ አስኪያጁ ጋ አልሄደም፤ በእኔው ፎልደር ውስጥ ዱብ አለ። የማክሰኞው ጽሑፍ ግን እዚያ አልነበረም።

«ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አሉኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችንንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰቡን። ምክትሉ ኮምፒውተሩን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮት ነበር።

«የሟች ‹የተሰረዙ› ፎልደር ባዶ ነው» ብለው ጀመሩ። «ወንድምሽ ማጽዳት ይወድ ነበር?»

«እሱ? የአሥር ዓመት ማስታወቂያ ያስቀምጣል። ሰኞ ማታ ሲወጣ እንኳ ‹የኢሜይል ሳጥንህ ሞልቷል› የሚል ማስጠንቀቂያ መጥቶለት እየሳቀ ነበር።»

«ማክሰኞ ደግሞ ከቤቱ በቀጥታ ወደ ሕንፃው ሄደ። ስለዚህ የጠረገው ሌላ ሰው ነው። ካላንደሩ ለሦስት ሰው ክፍት ነው። ኢሜይሉስ ለማን ክፍት ነው?»

«ለማንም አይደለም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ከዚያ ወደ ምክትሉ ዞሩ። «አምና ሟቹ አንድ ወር ታሞ ሲተኛ ለምክትሉ ከፍተንለት ነበር። ሲመለስ... ማን ዘጋው?»

ማንም አልዘጋውም ነበር።

«ጽሑፉን የሰረዘው ሰው» አሉ መርማሪዋ፣ «የሟች ፎልደር ውስጥ የገባ መሰለው። ስለዚህ ገብቶ ያንን ጠረገ። እዚህ ቤት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን ከሰው ካላንደር የሚሰረዝ ነገር የሚወድቀው ሰራዡ ጋ ነው። የእህቱን አየን፣ የለም። የሽቦን አየሁ፣ የለም። አሁን እርስዎ ይክፈቱልን።»

ምክትሉ ኮምፒውተሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን ወደ ራሳቸው ስበው ከፈቱ። እዚያው ነበር። «ኃይል ተቋርጧል።» የተጻፈው ማክሰኞ፣ ሦስት ከአሥራ ሁለት። ሰኞ አይደለም።

እኔ አይደለሁም።

«ምን አደረገህ?» አለ ሽቦ፣ ወደ ምክትሉ ዞሮ። «ምን አደረገህ ያ ሰውዬ?»

የመለሱት መርማሪዋ ናቸው። ወንድሜ ጽፎ ያልላከው ደብዳቤ ነበረ፤ ምክትሉ ሰባት ሕንፃ ሳይረግጥ «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብሎ መፈረሙን የሚገልጽ። ረቡዕ ሊልከው አስቦ ነበር። ምክትሉ ዓመቱን ሙሉ በዚያ በተረሳ በር እየገባ የወንድሜን ደብዳቤዎች ያነብ ኖሯል።

«ሊፍቱ ይንቀሳቀሳል ብዬ አላሰብኩም» አለ ምክትሉ። «ኃይሉ አለመጥፋቱን ሲያውቅ ደንግጦ ደብዳቤውን ቢተወው ብዬ ነው።»

ሁለት ፖሊሶች በግራና በቀኝ ይዘውት ወጡ።

አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ሰባቱም ሕንፃዎች እንደገና ተመረመሩ፤ በሁለቱ የሊፍቱ ገመድ ሊበጠስ ተቃርቦ ተገኘ።