የባትሪ ውሃ

የናሙናው ዕድሜ ስድስት ሰዓት ነበር። አንዱን ሰዓት አምቦ መናኸሪያ ቆሞ ጨረሰው።

ለንሳ ምሳ ዕቃዋን በሻርፕ ሸፍና ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ውስጡ ምሳ የለም። በረዶ አለ፤ በበረዶው መሃል ደግሞ በእንፋሎት የጸዳች አንዲት ጠርሙስ። የስድስት ሳምንት ድካሟ በሙሉ እዚያች ጠርሙስ ውስጥ ነው።

ለንሳ የሥራ ስሟ ነው። በመዝገብ «ጠብታ» ትባላለች። እናቷ ያወጣችላትን ስም የስለላ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ የቅርብ አለቃዋ ኦቦ ቀጀላ፣ አሁን ጋዜጣ በብብቱ ሸጉጦ እየመጣ ነበር።

ጋዜጣ። ረዳቶች «ጉደር! ጉደር!» እያሉ በሚጮኹበት፣ አንድ ሰው እንኳ ጋዜጣ በማይዝበት ግቢ ውስጥ። መለያ ምልክት መሆኑ ነው።

«ወንዙ ሞልቷል?» አለ ወደ ሰማይ እያየ።

ወሩ ጥር ነው። በጥር ወንዝ አይሞላም። የይለፍ ቃሉን የመረጠው እሱ ራሱ ነው።

«ገና ነው» አለች ምላሷ እየመረራት። «ከማሸጊያው መስመር ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቀዳሁት ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ከሩብ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ካልገባ ዋጋ የለውም።»

«ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም።»

«ባክቴሪያው ዕድሜ አይጠይቅም፣ ኦቦ።»

ምሳ ዕቃውን ተቀበላት። ነጭ መኪናው ውስጥ ገባ። ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጋዜጣውን ጣለው።

መሬት ላይ። በአደባባይ።

ለንሳ ያን ጋዜጣ ረግጣ አለፈች።

ፋብሪካው ከአምቦ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ነው። ለንሳ የገባችው በላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢነት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ገባት። ተቆጣጣሪዎች የሚመጡት ከአንድ ቀን በፊት ስልክ ደውለው ነው። በዚያ ቀን ውሃው ከጥልቁ ጉድጓድ ይመጣል፤ ጀርም ገዳዩ ሐምራዊ መብራትም ይበራል። ተቆጣጣሪዎቹ ምሳቸውን በልተው ሲሄዱ መብራቱ ይጠፋል። ጉድጓዱ እየነጠፈ ስለሆነ ፓምፑ ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞራል። ማጣሪያው ጭቃውን ያስቀራል። ዓይን የማያየውን አያስቀርም።

ጎጆ ከተማ ውስጥ ያን ውሃ የጠጡ አርባ አንድ ተማሪዎች በታይፎይድ ወድቀዋል። ሁለቱ ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም።

ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ኤጄታ ከራሱ ፋብሪካ ውሃ አይጠጣም። ቢሮው ፍሪጅ ውስጥ የሌላ ፋብሪካ ውሃ ደርድሯል። መለያ ወረቀቱን ግን እየላጠ ይጥለዋል። ለንሳ የላጠውን ወረቀት ከቆሻሻ ቅርጫት ስትለቅም፣ ሰው በዚህ መጠን ትንሽ ሊሆን ይችላል ብላ ተገርማ ነበር።

ውጤቱ ቅዳሜ በቴሌግራም መጣ። ቀጀላ የላቦራቶሪውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ከሥሩ ጽፏል። «ንጹሕ። ሥራሽ አልቋል። ውጪ።»

ለንሳ ፎቶውን በጣቶቿ አሰፋችው። ባክቴሪያ፦ የለም። ክሎሪን፦ የለም። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። ኮንዳክቲቪቲ የሚል መስመር አለ፤ በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ማለት ነው።

ሦስት።

ጠርሙሷን ከመክደኗ በፊት ከዚያው ውሃ በትርፍ ብርጭቆ ቀድታ፣ እስክሪብቶ የምታህለውን መለኪያዋን ነክራ ነበር። ያነበበችው ሦስት መቶ አርባ ነው። ጨው በመንገድ አይተንም። ከጉድጓድም ከወንዝም ሦስት የሚያነብ ውሃ አይቀዳም። እንዲህ ዓይነት ውሃ ጋራዥ ይሸጣል፤ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ነው።

ሰውየው የባትሪ ውሃ ነው ያስመረመረው።

ራሱን ለፋብሪካው ከመሸጡ ይልቅ ድንቁርናው አናደዳት። ሠላሳ ዓመት በስለላ ሥራ ኖሮ ውሃ ሁሉ ውሃ ይመስለዋል። ቢያንስ ከቦኖ ቢቀዳ ኖሮ እሷም ትሞኝለት ነበር።

ቀጀላን ዘልሎ ሌላ ሰው ማግኘት ክልክል ነው። እሑድ ጠዋት ጎጆ ሄደች።

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ባየሽ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት፤ አጭር፣ ቁጣዋን እንደ ጋቢ ተከናንባ የምትዞር ነርስ ናት። የተማሪዎቹን መታመም ለአራት ቢሮ የጻፈችው እሷ ነበረች። ሦስቱ ቢሮዎች አልመለሱላትም። አራተኛው ጽሑፏ የፊደል ግድፈት አለበት ብሎ መልሶላታል።

«ስምሽን አልጠይቅም» አለች ባየሽ። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በራሴ እጅ መመርመር።»

ባየሽ ከመሳቢያ ሦስት ክብ የላስቲክ ሳህኖች አወጣች። እያንዳንዳቸው መዳፍ አይሞሉም። ምንጭ ስትመረምር የምትጠቀምባቸው ናቸው፤ የባክቴሪያው ምግብ ውስጣቸው ደርቆ ተቀምጧል። በየጀርባቸው ቁጥር ጽፋ ፈረመች።

«አንድ ሚሊ ሊትር ጠብ ታደርጊበትና ትከድኚዋለሽ። አንዱን ከመስመሩ፣ አንዱን ከፓምፑ። ሦስተኛው ላይ አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው ውሃ ይሁን፤ እሱ ላይ ምንም ካልበቀለ እጅሽ እንዳላቆሸሸው ምስክር ነው። ሰማያዊ ነጥብ ካየሽ ውሃው ውስጥ ሰገራ ገብቷል ማለት ነው። ታይፎይዱን ራሱን አያሳይሽም፤ የመጣበትን መንገድ ግን ያሳይሻል። ሃያ አራት ሰዓት፣ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ።»

«ማሞቂያ የለኝም።»

«ሆድ አለሽ።»

በዚያው ቀን ከጎጆ ወደ አዲስ አበባ ደወለች። ወረቀቱን የፈረመው የላቦራቶሪው ኃላፊ ዘሩባቤል ቀዝቃዛ ድምፅ ያለው ሰው ነው። የሆነውን በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረችው።

«ሦስት መሆኑ እኔንም ገርሞኝ ነበር» አለ።

«ገርሞዎት ፈረሙ?»

ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ። «ሳህኖቹን በዓይኔ ካየሁ ሳላስታውቅ እመጣለሁ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ተኩል፣ አምቦ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሆቴል።»

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሦስቱን ሳህኖች ሞላቻቸው። ከእምብርቷ በላይ በፕላስተር አጣበቀቻቸው። ከላይ ካናቴራ፣ ሹራብ፣ ነጭ ጋውን። ጎንበስ ስትል ይቆረቁሯታል።

እኩለ ቀን ላይ መቲ ምሳዋን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። መቲ ክዳን ማጥበቂያው ላይ ነው የምትሠራው። ለንሳ በገባች በመጀመሪያው ቀን እንጀራዋን አካፍላታለች፤ ከዚያም ወዲህ አንድ ቀን ብቻዋን አልበላችም። ሰኞ ሰኞ ለሠራተኛ ነፃ ውሃ ይታደላል። መቲ ስድስት ጠርሙስ ፌስታል ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ለዱሬቲ ነው» አለች። ዱሬቲ የሦስት ዓመት ልጇ ናት። «የቧንቧ ውሃ ካቆምኩላት ቆየሁ። ትልቅ ሰው ሆናለች፣ የታሸገ ነው የምትጠጣው።»

ለንሳ ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ፌስታል አይታ ዝም ብላለች። ትእዛዙ እንዲህ ይላል፦ ማንንም አታስጠንቅቂ። ቀጀላን ናቀች፣ ኤጄታን ናቀች፤ ከሁሉ የከበዳት ግን የራሷ ዝምታ ነበር።

«አፍልተሽ ስጫት» አለች።

«የታሸገውን?»

«አፍልተሽ ስጫት አልኩሽ፣ መቲ።»

መቲ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ለሌሎቹ ሴቶች እንደ ቀልድ አወራችው። አመሻሹ ላይ ቀልዱ ኤጄታ ቢሮ ደረሰ።

ማክሰኞ ንጋት ለንሳ ሹራቧን ገልጣ አየች። የመስመሩ ሳህን ላይ ሰማያዊ ነጥቦች ፈክተዋል።

ሦስት ሰዓት ላይ ተጠራች።

ኤጄታ ከጠረጴዛው ኋላ ነው። ጥግ ላይ አንድ እንግዳ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

ቀጀላ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደራችሁ» አለች ለሁለቱም፣ እንደማንኛዋም ዕቃ አጣቢ አንገቷን ሰብራ።

የቀጀላ ዓይን አልተንቀሳቀሰም። ለንሳ ገባት። ኤጄታ የፋብሪካውን ደኅንነት የገዛው ከዚህ ሰው ነው። ቀጀላ ግን ፋብሪካው ውስጥ ሰላይ ተክሎ እንደነበር ለኤጄታ አልነገረውም፤ ያንን ለሌላ ቀን ሽያጭ አስቀምጦታል። አሁን «ይህቺ ናት» ቢል የራሱም ጉድ ይወጣል። ሁለት ሌቦች፣ አንዱ ሌላውን እያታለለ። ከንቀቷ ብዛት ለማዘን እንኳ ቦታ አልቀራትም።

«መቲን አፍልተሽ ስጫት ያልሻት አንቺ ነሽ?» አለ ኤጄታ።

«አዎ፣ ኦቦ።»

«ለምን?»

«እናታችን ለልጅ የሚሰጠውን ውሃ ሁሉ ታፈላ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ኤጄታ ከፋብሪካው ምርት አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ብርጭቆ ሞላ። ገፋላት።

«አንቺ ልጅ አይደለሽም። ጠጪ።»

ውሃው ጥርት ያለ ነበር። መስኮቱ በውስጡ ይታያል። ሳህኖቹ ሆዷ ላይ ሞቀዋል፤ የነጥቦቹን ብዛት ታውቃለች። ቀጀላን አየችው። እሱ ጫማውን እያየ ነው።

ጠጣች።

እስከ ግርጌው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ብርጭቆውን መለሰች።

ኤጄታ ፊቱ ፈታ አለ። «ጎበዝ። ቢሆንም ወሬኛ ሠራተኛ አልፈልግም። ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ። በሩ ላይ ትፈተሻለሽ።»

የበሩ ጠባቂ ካሰች ትባላለች፤ ጠና ያለች ሴት ናት። እጇ ከብብት ወደ ወገብ ወረደ። ወደ ሆድ ዞረ።

ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኦፕራሲዮን ነው።»

ካሰች ወደ ቢሮው መስኮት አየች። ወደ ለንሳ ፊት አየች። ጣቶቿ ክቡን የላስቲክ ጠርዝ እንደነኩ ነበሩ። ቁስል ክብ እንደማይሆን ያወቀች መሰለ።

«አይዞሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔም ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ሂጂ።»

ባጃጅ ያዘች። ድልድዩን ሳይሻገሩ ነጩ መኪና ከኋላ ታየ።

«በገበያው በኩል» አለች ሹፌሩን።

ባጃጁ በሽንኩርት ጆንያዎችና በአህዮች መሃል ተሽሎከለከለ። መኪናው ክላክስ እያስጮኸ ቀረ። ለንሳ ወርዳ በጨርቅ ተራ አቋረጠች፤ ሻርፗን ገለበጠች፤ በጀርባ በር ሆቴሉ ገባች።

አራት ሰዓት ከአርባ።

ዘሩባቤል በሩን ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል። ሦስቱን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። መነጽሩን አውልቆ በማጉያ አያቸው። ከንፈሩ ይቆጥራል።

«መስመሩ ላይ አሥራ ዘጠኝ» አለ። «በመቶ ሚሊ ሊትር አንድ እንኳ መገኘት የለበትም። ይህ በአንድ ሚሊ ሊትር ነው። የፓምፑማ ከዚህም ይብሳል።» ሦስተኛውን አነሳ። «የፈላው ባዶ ነው። እጅሽ ንጹሕ ነበር።»

ጥላ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ቀጀላ ነው፤ ሆቴሎቹን በየተራ ሲያስስ ላብ በላብ ሆኗል። ሳህኖቹን አየ፣ ዘሩባቤልን አየ። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እጁን ለንሳ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«አየህ ዘሩባቤል» አለ ፈገግ ብሎ፣ «ይህቺን ልጅ ያሰማራኋት እኔ ነኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው ማፍራት ቀላል እንዳይመስልህ።»

ለንሳ በሕይወቷ ብዙ ውሸታም አይታለች። እንዲህ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«የባትሪውን ውሃስ ያሰማራው ማነው?» አለ ዘሩባቤል።

እጁ ከትከሻዋ ላይ ተነሳ።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘሩባቤል ሰዎች ስልክ ሳይደውሉ ፋብሪካው ገቡ። ፓምፑ ወንዙ ላይ ነበር፤ መብራቱም ጠፍቶ ነበር። በማግሥቱ በሩ ታሸገ። ኤጄታ ስምንት ቀን ታስሮ በዋስ ወጣ። ቀጀላ ወደ ሥልጠና ክፍል ተዛወረ፤ ለረጅም ዘመን አገልግሎቱ የምስጋና ወረቀት በፍሬም ተሰጠው። አሁን ወጣቶችን የይለፍ ቃል አመራረጥ ያስተምራል።

ለንሳ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደቀች። አንድ ብርጭቆ በቅቷት ነበር። ጎጆ ጤና ጣቢያ ባየሽ እጅ ላይ ሦስት ሳምንት ተኛች። መሥሪያ ቤቱ አልጠየቃትም፤ በመዝገብ «ጠብታ» ብቻ ለሆነች ሰው የሕክምና የሚከፍል የለም። ስትነሳ ፀጉሯ በእፍኝ እየወጣ ነበር፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተታል።

የሚቀጥለው ትእዛዝ ነቀምቴ ነው። አምቦ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ መስኮት ዳር ተቀመጠች፤ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አወረደች።

ቆሎ ሻጮቹ ከውጭ ተሰበሰቡ። አንዷ መቲ ናት። ከፋብሪካው የተበተኑት ሁሉ ያገኙትን ይሠራሉ።

«ቆሎ አለ፣ ትኩስ ቆ...»

መቲ ቆመች። የሻርፑን ጠርዝ፣ የተቦረቦረውን ጉንጭ፣ ዓይኖቹን ረጅም ጊዜ አየች።

«ዱሬቲ እንዴት ናት?» አለች መስኮት ዳር የተቀመጠችው።

«ታማ ነበር። አሁን ድናለች።» መቲ የቆሎውን መስፈሪያ በእጇ አዟዟረችው። «ለንሳ ስምሽ አልነበረም አይደል?»

«አልነበረም።»

«ደግ። እኔ የከረምኩት ለንሳን ስረግም ነው።»

በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሌላው መስኮት ሄደች።

ሚኒባሱ ተነሳ። ጉደር ሳይደርሱ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ስምሽ ማነው ልጄ?» አሏት። አፏ ላይ የመጣላትን ነገረቻቸው። ቆሎውን ዘረጋችላቸው፤ አብረው በሉ።