ጎማችንን ሲመታ የነበረው

ከመጀመሬ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል፣ አለዚያ «ይቺ ልጅ ድሮም የማይታይ ነገር የምታይ ናት» ትሉኛላችሁ። እኔ ለእንዲህ ያለ ወሬ በሁለት በኩል በሬን የዘጋሁ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የላቦራቶሪ ሳይንስ ነው፣ አሁንም እዚህ አሜሪካ፣ ሮዝቪል ውስጥ የደም ናሙና እመረምራለሁ፣ እንግዳ ውጤት ሲመጣብን ደግመን እንሠራዋለን እንጂ አንፈራውም። ያደግኩት ደግሞ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እዚያ የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ መጣ የሚል ካለ ይጸለይለታል። ስለዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ሲጀምሩ እኔ ተነስቼ ሰሃን አጥባለሁ። በአፌ ማውራት ስለሚከብደኝም ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ መጻፍ ይሻለኛል።

ባለፈው ዊንተር ነው። አባዬ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ እማዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፣ ሁለቱም ፈቃድ ወስደው አንድ ላይ የትም ሄደው አያውቁም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የሆነ አንድ ጎረቤታችን አርቪ አለው፣ ያ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር፣ እሱን አዋሰንና ክሪስታል ከተማ ካለው ቤታችን በረዶ ጠርገን ወጥተን ወደ ፍሎሪዳ ወረድን። አራት ነን፣ እናትና አባቴ፣ እኔ፣ እና ሃይስኩል ያለችው እህቴ ሶሲ፣ በአማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው።

የጉዞው ሐሳብ የእማዬ ነበር። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎታችን ጋሽ ተካ፣ በወጣትነቱ ከአሰብ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ ለእሷ ሁልጊዜ ዛጎል ያመጣላት ነበር፣ «አንድ ቀን ጋቢና አስቀምጬሽ ሞቃት ባሕር አሳይሻለሁ» ይላት ነበር፣ ሳያሳያት ቀረ። አባዬ ደግሞ የእሱ ረዳት ነበር፣ እማዬን ያወቃትም በዚያ ነው። ስለዚህ በቤታችን ጋሽ ተካ ማለት አጎት ብቻ አይደለም፣ እኛ ራሳችን የመጣነው በእሱ መኪና ነው ማለት ይቻላል፣ እኔና ሶሲ ግን በስልክ እንጂ በአካል አይተነው አናውቅም።

አባዬ ስለ ጋሽ ተካ የሚያወራት አንዲት ነገር አለች፣ ስለምታስፈልገን ልንገራችሁ። ጋሽ ተካ መኪና ከማንቀሳቀሱ በፊት ረዳቱ በዱላ እያንዳንዱን ጎማ እየመታ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ ጋሽ ተካ ማንንም ስለማያምን ራሱ ወርዶ እንደገና ይመታል። ከኋላ ጎማው ድርብ ስለሆነ የውስጠኛውን ለመምታት ዱላውን በመሃል ማስገባት ያስፈልጋል፣ ድምፁም የታፈነ ነው። ሲያልቅ ከውጭ ያለው ሰው ላሜራውን በመዳፉ ይመታል፣ ሁለት ምት ሂድ ነው፣ አንድ ምት ቁም ነው። ቁም ያለ ሰው ራሱ ሂድ እስኪል ድረስ ደግሞ መኪናው አይነቃነቅም፣ ሚኒስትር ቢመጣ አይነቃነቅም። አባዬ ይህንን ሲያወራ ሶሲ ሁልጊዜ ትስቅበታለች፣ መስታወት አልነበራችሁም ወይ ትለዋለች።

ባሕሩ ጋ በደረስን በማግስቱ አባዬ ስልክ ተደወለለት፣ ይዞ ወደ ዘንባባዎቹ ሄደ፣ ቆይቶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ ጨው ገባብኝ አለ። ማታውን ለብቻችን ጠርቶ ነገረን። ጋሽ ተካ በእንቅልፉ አርፏል፣ ተቀብሯል። ሲያትል ያለችው አክስቴ ሰናይት ናት የደወለችው፣ እሷ ከሥራ ፈቃድ አግኝታ ሚኔሶታ እስክትደርስ፣ መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎችም እስኪዘጋጁ፣ እማዬ እንዳትሰማ አለች። ሶሲ በእንግሊዝኛ እናታችን የማወቅ መብት አላት ብላ ተቆጣች። አባዬ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም አላት፣ የእናትሽን የደም ግፊት ታውቂያለሽ፣ መርዶ በቤት ነው፣ በማለዳ ነው፣ የሚይዟት ሰዎች ባሉበት ነው።

እና ጉዞው ረዘመ። አንድ ሳምንት የተባለው እየተጎተተ ሄደ፣ እኛም ባሕሩን ተከትለን ከአንዱ የአርቪ ካምፕ ወደ ሌላው ወደ ደቡብ እንወርድ ጀመር። የእኔ ድርሻ የእማዬ ስልክ ነበር፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቼ ኔትወርክ የለም እላት ነበር፣ ፊቴን ዞር አድርጌ። እሷ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ዳር ትሄዳለች፣ ዛጎል ትለቅማለች፣ አጥባ በፌስታል ትከታለች። ለማን እንደሆነ ሲገባኝ ዕቃ ለመያዝ የሄድኩ መስዬ ዞር አልኩ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልላክለት» አለችኝ። «ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ይሄ የአሰቡን አያክልም ነው የሚለው።»

አባዬንም ትቀልድበት ነበር። «ደሜ ኦቨርታይም ትቶ ባሕር የሚያይ ሰው ሆነ፣ ሐኪም ምን ነገረህ?» ትለዋለች፣ እሱ ይስቃል፣ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል።

የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ እያለ፣ ከእማዬ ጋር ሰሃን እያደረቅን። ከበታቻችን ጡም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ በኩል ጡም አለ። እማዬ ቀና ሳትል፣ አባትሽ ጎማ እያየ ነው አለችኝ። እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር፣ በመስኮቱ አባዬን ራቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ሱሪውን ጠቅልሎ ቆሞ እስካየው ድረስ። ኮኮናት ወድቆ ይሆናል ብዬ ወጥቼ ወደ ላይ አየሁ፣ በላያችን ዛፍ አልነበረም። ሙቀት ላሜራ ያጮኻል፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ብዬ ተውኩት።

በሌላው ካምፕ ደግሞ ልክ ሲነጋ መጣ። ያኔ ሶሲም ነቃች። ከፊት ግራ ጀምሮ ዙሪያችንን ዞረ፣ የማይቸኩል ሰው እንደሚያደርገው፣ አንዱን መትቶ ቆም ይላል፣ ይሄዳል፣ ሌላውን ይመታል። ሶሲ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ማንም የለም አለችኝ፣ ከዚያ አልጋዬ ላይ መጥታ ተኛች፣ ይህንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አድርጋው አታውቅም። እኔ ግን ዓይኔ የነበረው አባዬ ላይ ነው። ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቶ ነበር፣ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከትከሻው ያስታውቃል። ከኋላ በኩል ያ የታፈነው ድምፅ ሲመጣ፣ ከሁለቱ ጎማዎች መሃል የሚወጣው፣ ትከሻው ሽቅብ አለ።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ሰማህ ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁ፣ አልጠየቅሁትም። እሱ ግን ሳልጠይቀው፣ እዚህ አገር የውስጥ ጎማ በዱላ የሚመታ ሰው አላውቅም አለኝና የአርቪውን የውሃ ቱቦ ሊፈታ ሄደ።

ዋናው ነገር የሆነው በዓርብ ምሽት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጥሎ አቁሟል፣ ያ ሞቅ ያለ የእነሱ ዝናብ፣ መሬቱ ይተናል፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እማዬ ከእራት በፊት በቃኝ አለች። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጋሼ ሳልደውል ቀርቼ አላውቅም፣ ያለፈው ቅዳሜ በእናንተ ኔትወርክ አመለጠኝ፣ ወደ ከተማ መልሱኝና ባሕሩን አየሁት ልበለው አለች። አክስቴ ሰናይት ግን ጥቂት ቀን ጨምሩ ብላ ነበር፣ ቲኬት አላገኘችም። ስለዚህ አባዬ አንድ የመጨረሻ ቦታ አለ አላት፣ መንገዱ በባሕር መሃል የሚሄድበት፣ በግራም በቀኝም ውሃ ነው፣ እሱን ሳናይ ብንመለስ ሰው ይስቅብናል አላት። ቃሉን ሲናገር ወደ እሷ አላየም። እሷም ብዙ ካየችው በኋላ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀበቶዋን አሰረች።

አባዬ ሞተሩን አስነሳ። እኔና ሶሲ ከኋላ ነን፣ ጀርባዬ ግድግዳውን ተደግፏል። ወደ ኋላ ትንሽ አለ፣ መሪውን አዞረ፣ ወደ ደቡብ ሊወጣ ሲል ላሜራው ተመታ።

አንድ ጊዜ። በመዳፍ። በጆሮዬ ብቻ አልሰማሁትም፣ ጀርባዬ ላይ ነው ያረፈው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። የአባዬ እግር ከጭንቅላቱ በፊት ነው ፍሬን የያዘው። ከዚያ ሞተሩ ብቻ ይሠራል፣ አባዬ በመስታወት አየ፣ በኋላው ካሜራ አየ፣ እርጥብ ጠጠር ብቻ ነበር የሚታየው። የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር። ምን እንደሚጠብቅ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ሁለቱን ምት ነበር የሚጠብቀው።

ተከትዬው ወረድኩ። የጎማ መለኪያውን አውጥቶ ሁሉንም ለካ፣ ድርቡንም ለካ። ጎማው ሁሉ ጤነኛ ነበር። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ አንዱ ጎማ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ በሰላም እተኛ ነበር፣ ለምን እንደቆምን አውቅ ነበርና። የጎረቤቶቻችን መኪኖች ራቅ ያሉ ናቸው፣ በአቅራቢያ ሰው የለም። የአርቪው ጎን በሙሉ የዝናብ ጠብታ ነበረበት፣ እኔ ተደግፌበት ከነበረው ቦታ ከፍ ብሎ፣ ከአባዬም ጭንቅላት በላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ደረቅ ነው፣ የእጅ ስፋት ያህል። ውሃ እንደ ፈቀደው ነው የሚፈሰው፣ ይህንን አውቃለሁ። አባዬም አይቶታል። ጋሽ ተካ ረጅም ሰው ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ስንገባ እማዬ እንደተውናት ተቀምጣለች።

«ማን ነው ያቆመን?» አለች።

አባዬ ቅርንጫፍ ነው መሰለኝ አላት።

«ቅርንጫፍ አንዴ መትቶ ይተዋል? ደሜ፣ እኔ የሾፌር እህት ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሊዲዬ፣ ስልኬን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። ስልኩን በእጇ ይዛ ቆየች፣ አልከፈተችውም፣ ገልብጣ ፌስታሉ ላይ አስቀመጠችው። አባዬ «የሺዬ» ብሎ ጀመረ፣ እጇን አፉ ላይ አደረገች።

«አትንገረኝ» አለችው። «እዚህ አትንገረኝ። ቤቴ ውሰደኝና ሰው ባለበት ንገሩኝ። መልሰው።»

አባዬ መሪውን ይዞ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሏል። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ እንቁራሪቶቹ ጀመሩ፣ እሱ አሁንም ይጠብቃል። እማዬም ታውቃለች፣ እሷም ትንሽ ጠበቀች መሰለኝ፣ በመጨረሻ ግን በቃ ሂድ አለችው። ሳይፈቀድለት ሄደ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

ወደ ሰሜን ያን ሁሉ መንገድ ስንመለስ እማዬ አላለቀሰችም፣ አንዲት ጥያቄም አልጠየቀችም። ዘንባባው አለቀ፣ ጥዱ አለቀ፣ በረዶው ጀመረ። ክሪስታል የገባን ዕለት ሳሎኑን ራሷ ጠረገች፣ ወንበሮቹን ከጓዳ አውጥታ ዙሪያውን ደረደረች፣ ለስንት ሰው እንደሆነ አልነገረችንም። ሶሲ ማን ሊመጣ ነው አለቻት፣ በአማርኛ፣ እማዬ ሌላ ወንበር ልታመጣ ሄደች። አክስቴ ሰናይት በሁለተኛው ቀን ሌሊት ደረሰች፣ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩ፣ እማዬ ጥቁር ለብሳ ከፈተችላቸው። ነገሯት። እሷም ያን ጊዜ ገና እንደ ሰማች ሆና ጮኸች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ ሴቶቹ ያዟት። ማስመሰል አልነበረም፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መነገር ሌላ ነገር ነው፣ አባዬ ያን ሁሉ መንገድ ያስረዘመው ለዚህ እንደነበር ያኔ ገባኝ፣ ሶሲም የገባት መሰለኝ። ግን ያቆመን ሰውም ልክ ነበር እላለሁ፣ ከዚያ በላይ መራዘም አልነበረበትም። ሰው ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

አርቪውን ከመመለሳችን በፊት ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት ወጣሁ፣ የላቦራቶሪ ሰው አይደለሁ፣ ደግሜ ልሥራው ብዬ። በቅርንጫፍ መታሁት፣ በቦርሳ መታሁት፣ በበረዶ ኳስ መታሁት፣ ሶሲን ውስጥ አስቀምጬ ይሄ ነው ወይ እላታለሁ፣ አይደለም ትለኛለች። በመጨረሻ ጓንቴን አውልቄ በመዳፌ መታሁት። ሶሲ በሩን ከፈተችልኝ። ስገባ፣ እሱ ነው፣ ግን እጅሽ ያንሳል አለችኝ።

ዛጎሎቹ ሳሎን መስኮት ላይ ናቸው፣ ማንም አይነካቸውም። እማዬ አሁን ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል መጨረሻ ላይ ነው የምትወጣው፣ ከመግባቷ በፊት ቶዮታችንን በመዳፏ ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ ለምን እንደሆነ አታወራም፣ እኛም አንጠይቃትም። ገብታ ቀበቶዋን ታስራለች። አባዬ ግን ወዲያው አይነሳም። ቁም ያለችው እሷ አይደለችማ። ሞተሩ እየሠራ፣ መስታወቱ ጉም እየያዘ፣ አራታችንም ጆሯችንን ወደ ኋላ ጥለን ትንሽ እንቆያለን።