የጿሚዎቹ ውሃ

ሐኪሙ የሞተው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ብዕሩን እንደጨበጠ ነው። ከደረቱ ሥር «መድኃኒቱ ጉዳት የለውም» የሚል፣ ገና ያልተፈረመበት ወረቀት ተገኘ። ሃያ ዓመት የዶሮ መድኃኒቶችን መርዛማነት ሲፈትን የኖረ የእንስሳት ሐኪም ራሱ የመጨረሻው ናሙና ሆነ፤ በሚጠጣበት የውሃ ፔርሙዝ ውስጥ የነበረው ያው ዶሮዎቹ ላይ የሚሞክረው መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ግን በሬ ይጥላል።

ለምርመራ የመጣችውን ሴት ባልደረቦቿ ጭልፊት ይሏታል። የዶሮ ምርምር ጣቢያው ምክትል ኃላፊ ይህን ሰምቶ ኖሮ በር ላይ ሲቀበላት በአፍንጫው ሳቀ።

«ጭልፊት ዶሮ ቤት ሲገባ ደግ አይደለም፣ ኢንስፔክተር።»

«ጭልፊት በሞተ አትደክምም። የመጣሁት በሕይወት ላለው ነው።»

ያን ጠዋት ከሟቹ ሌላ በጣቢያው ግቢ ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው። ምክትሉ ላባ ሲሸተው ትንፋሹ ስለሚታፈን ዶሮ ቤቱን የሚያውቀው በመስኮት ነው። ሚዛን ያዥዋ የዶሮዎቹን ክብደትና የሚጠጡትን ውሃ ትመዘግባለች። መኖ ቀላቃዩ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአካፋው በቀር ወዳጅ የለውም። ፔርሙዙ መተላለፊያው ላይ ስለሚቀመጥ ሦስቱም ሊነኩት ይችሉ ነበር። ሟቹን የሚወድም አልነበረም፤ አንዳቸውም ይህን አልደበቁም።

ዶሮዎቹ በአራት ተከፍለዋል። ሦስቱ ክፍሎች መድኃኒቱን በትንሹ፣ በመካከለኛውና በብዙው መጠን ይወስዳሉ፤ አራተኛው ምንም ስለማይወስድ ሠራተኞቹ «ጿሚዎቹ» ይሉታል። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ከፔርሙዙ ግማሹን ጠጥቶ የቀረውን የጿሚዎቹ ማጠጫ ውስጥ እንደሚገለብጥ፣ እኔ የምጠጣውን ይጠጣሉ እያለም እንደሚመጻደቅ ሚዛን ያዥዋ ተናገረች። ያን ዕለትም ሲገለብጥ በዓይኗ አይታለች።

ጭልፊት ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ብዙውን መጠን የወሰዱት ክንፋቸውን ጥለው ተዘርረዋል። ጿሚዎቹ ይጭራሉ፣ ይሻማሉ። የሌሎቹ ማጠጫ ልጋግ ይዟል፤ የእነሱ ብቻ ታጥቦ ያበራል።

ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ምክትሉ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ።

«ያንን ውሃ ጠጥተው ቢሆን እነዚህ አይቆሙም ነበር» አለች። «አንድ ሰው ደፍቶ፣ ማጠጫውን አጥቦ፣ ንጹሕ ቀድቶላቸዋል። መርዝ እንዳለበት የሚያውቅ ደግሞ ገዳዩ ብቻ ነው።»

ምክትሉ እዚህ ገብቶ ማጠጫ ሊያጥብ ቀርቶ ትንፋሹን ለመሳብ እንኳ እንደማይችል ሳሉ ራሱ መሰከረለት። ሚዛን ያዥዋ የጿሚዎቹ ውሃ ከጠዋቱ በሁለት ሊትር በልጦ ማግኘቷን መዝግባ፣ «ይህ አልገባኝም» ብላ ለመርማሪዋ አሳይታ ነበር፤ ወንጀለኛ ዱካውን ለክቶ አያስረክብም።

ጭልፊት ከቦርሳዋ ፔርሙዝ አውጥታ ወደ ጿሚዎቹ ማጠጫ ዘንበል ስታደርግ ቀላቃዩ እጇን አፈፍ አድርጎ ያዛት።

«ሌላ ፔርሙዝ ነው፣ ወንድሜ» አለችው ቀስ ብላ። «የቧንቧ ውሃ።»

የቀረውን ራሱ ተናገረ። ሐኪሙ በቀድሞው ሙከራ የሞቱትን ዶሮዎች በደኅና ተክቶ፣ ጉዳት የለውም ብሎ ፈርሞ ነበር። በዚያ መድኃኒት የእናቱ ሦስት መቶ ዶሮዎች በአንድ ሳምንት አለቁ። ሐኪሙም መጥቶ፣ ጥፋቱ የአንቺ ቆሻሻነት ነው ብሎ በጎረቤት ፊት አዋረዳት። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣችም፤ በስድስት ወሯ ሞተች።

«አፈር ባለበስኳት ማግስት ነው እዚህ የተቀጠርኩት። አንድ ቀን አልቀረሁም። ዛሬ ደግሞ ሊደግመው ነበር።»

ጭልፊት ካቴናውን አውጥታ ቆም አለች።

«ሙከራው ነገ ያልቃል፤ ጿሚዎቹም ታርደው ይመረመራሉ። ለአንድ ቀን ዕድሜ ብለህ ነው አንገትህን የሰጠኸው?»

ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«ነገ የሚያርዳቸው ሌላ ነው፣ እህቴ። የእኔ ደመኛ አንድ ነበር።»