ሻይ ያልነካው ካርድ

ኢዮብ በሞተ በአራተኛው ቀን ዋና ኢንስፔክተር ብርቱካን የሃሴትን በር አንኳኩ።

«ልትወስዱኝ ነው?» አለች ሃሴት፣ በሩን እንደከፈተች።

«ለመውሰድ ቢሆን ብቻዬን አልመጣም ነበር። ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ቁጭ ማለትስ በምን አቅሟ! አራት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰች፣ ዓይኗን አልከደነች። ሽማግሌ ሊልክባት የነበረው ልጅ እዚችው ሐይቅ ዳር ባለች የኪራይ ክፍሏ፣ ከገዛ እጇ ተቀብሎ ጠጥቶ ሞተ። የጣቢያው ፖሊሶች ቃሏን ተቀብለው «ከከተማ ዝር እንዳትዪ» ብለዋታል። የኢዮብ እናት ደግሞ ቀብር ላይ «ልጄን ምን አጠጣሽው?» ብለው በሰው ፊት ጮኸውባታል። ገዳዩ ካልተገኘ ገዳይዋ እሷ ናት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«እንዴት እንደምታጠኑ ንገሪኝ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ተራ ነገር ነው ብለሽ የምትተዪው እንዳይኖር።»

ነገረቻቸው። አራቱም የነርስነት ተማሪዎች ናቸው፤ እሷ፣ ኢዮብ፣ ሕዝቅያስና ፌቨን። ፌቨን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ እህት የምታያት ጓደኛዋ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰቡ የሕክምና ቃላት ይሸመድዳሉ። ያን ሰሞን የምግብ መፍጫ አካላት ላይ ነበሩ፤ «ጋስትር» ጨጓራ፣ «ሄፓት» ጉበት፣ «ኮሌ» ሐሞት። መጨረሻ ላይ የሚቀጠሉትም አሉ፤ «አይተስ» ብግነት፣ «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አሥር ቃል ይደርሰዋል፤ ካርዱን የሚጽፍለት ግን ሌላው ነው፤ ቃሉን ከፊት፣ ፍቺውን ከጀርባ።

«የኢዮብን ማን ጻፈ?»

«ፌቨን።»

«መጽሐፍ የላችሁም?»

«አንድ ብቻ። የዕለቱ ጠያቂ ነው የሚይዘው።»

«የሳተስ?»

«አንድ ኩባያ የግራዋ ጭማቂ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ከዚያ ኩባያውን ለሚቀጥለው ተሳሳች ሞልቶ ያስቀምጣል። የሚያቀብለው ጠያቂው ነው።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ግራዋውንም የጨመቅኩት እኔ ነኝ።»

«አታልቅሺ፤ በቅደም ተከተል ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ሕዝቅያስ ሳተ፤ ጠጥቶ ሞላ። ቀጥሎ ፌቨን ሳተች፤ እሱ የሞላውን ጠጥታ እሷም ሞላች። ከዚያ ኢዮብ።»

«ፌቨን የሳተችው የቱን ነው?»

«አይተስን። ‹ቆርጦ ማውጣት› አለች። በሳቅ ሞትን፤ የክፍላችን አንደኛ እኮ ናት!»

«ኢዮብስ?»

«ኮሌን። ‹ጣፊያ› አለ። ደግሞ እንዴት ተማምኖ! ‹መጽሐፉ ነው የተሳሳተው› እያለ ሲከራከረኝ ነበር፣ የኔ ደረቅ።»

ኢንስፔክተሯ ከቦርሳቸው አሥር ካርዶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከኢዮብ ሸሚዝ ኪስ የተገኙ ናቸው። «ጠርዛቸውን ምን ነክቶት ነው?»

«ሻይ ነው። ሐሙስ ዕለት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ሳለ ኢዮብ ብርጭቆውን ደፋባቸው። በላስቲክ እንደታሰሩ በሶፍት ጠረግናቸው።»

ብርቱካን አንዷን ካርድ ለብቻዋ አገለሏት። «ሲወድቅ ሸሚዙን ማን ፈታለት?»

«ፌቨን። ‹አየር ያግኝ› ብላ። እኔማ እንደ እብድ እጮህ ነበር። እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት፤ ካርዶቹንም ሰበሰቡ። «ነገ በስምንት ሰዓት ሁላችሁም እዚሁ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ሕዝቅያስ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «ከኢዮብ ጋር መነጋገር ካቆምን ወር አልፎናል፤ አልደብቅም። ግን እኔ የሞላሁትን የጠጣችው ፌቨን ናት፤ ይኸው አለች!»

«ለዚህ ነው አንተን የማልጠረጥርህ» አሉት ብርቱካን። «ጀበናውም ንጹሕ ነበር...»

«ጆጉ» አለች ሃሴት ቀስ ብላ። «ግራዋው የነበረው በጆግ ነው።»

«ጆጉም ንጹሕ ነበር፤ ተመርምሯል። መርዙ፣ ተፈጭቶ የተጨመረ የልብ መድኃኒት፣ የተገኘው ኩባያው ውስጥ ብቻ ነው። ኩባያውን ደግሞ የሞላችው ፌቨን ናት።»

ፌቨን የሃሴትን እጅ እንደያዘች ነበር። «ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኢዮብ እንደሚሳሳት በምን አውቃለሁ? ቢመልስ ኖሮ ኩባያው ተመልሶ ለኔ ወይም ለሕዝቅያስ ይደርስ ነበር።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔንም አንድ ሌሊት አስጨንቆኛል። ከዚያ ግን አንደኛ የምትወጣ ልጅ የጤና ጣቢያ ጥበቃ እንኳ የሚያውቀውን አይተስን እንዴት ሳተች አልኩ። ኩባያውን መሙላት የሚችለው የጠጣ ሰው ብቻ ነውና አውቀሽ ሳትሽ። ኢዮብ ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር እስኪከራከር የተማመነው ካርዱ ጀርባ ላይ ‹ጣፊያ› የሚል ስላነበበ ነው። የጻፍሽለትም አንቺ ነሽ።»

«ካርዱ ላይ ‹ሐሞት› ነው የሚለው! ይዩት!»

«አየሁት።» ካርዶቹን ዘረጉ። «ዘጠኙ ጠርዛቸው ሻይ ጠጥቷል። ኮሌ ብቻ እንደ አዲስ ነጭ ናት። ሐሙስ ዕለት ከሌሎቹ ጋር አልነበረችም ማለት ነው። ልጁ ሲያጣጥር ሸሚዙን የፈታሽው አየር እንዲያገኝ አልነበረም፤ ካርድ ልትቀይሪ ነው።»

ሃሴት እጇን ከፌቨን እጅ አላወጣችም። መስማት እንጂ ማመን አልቻለችም።

ብርቱካን ማስታወሻቸውን ገለጡ። «ኢዮብ ከመሞቱ በፊት በነበረው ሰኞ ለፌቨን የላከው መልእክት ነው፤ ‹በሚቀጥለው ሰኞ ራስሽ ንገሪያት። ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።› የጣቢያው ልጆች የፍቅር ጉዳይ መስሏቸው አለፉት።»

ሃሴት ወደ ፌቨን ዞረች። ሁለቱ? እሱም?

«አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ፣ ገብቷቸው። «ልምምድ የወጣችሁበት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አንዲት ሕፃን ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ተሰጥቷት ለጥቂት ተርፋለች። መዝገቡ ላይ ያለው ስምና ፊርማ ያንቺ ነው። መድኃኒቱን የሰጠችውም ባንቺ ስም አስመስላ የፈረመችውም ግን ፌቨን ናት፤ ኢዮብ የዚያን ቀን ተረኛ ስለነበር አይቷል። ቢነገር እሷ ትባረራለች፤ ዝም ቢባል ደግሞ አንቺ። ከዚያው ክፍል ቁም ሣጥን የልብ መድኃኒት መጉደሉንም አረጋግጫለሁ።»

ፌቨን የሃሴትን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ሃሴትዬ... ፈርቼ ነው። አባቴ ያለውን ሁሉ ያፈሰሰው እኔ ላይ ነው፤ ታውቂያለሽ። አንቺን ለመጉዳት ብዬ አልነበረም። በእናቴ እምልልሻለሁ፣ አንቺንማ እወድሻለሁ።»

ሃሴት ያኔ እጇን አወጣች። ማልቀስ አልመጣላትም። አንድ ነገር ብቻ ከትናንት ጀምሮ ሲከነክናት ነበር፤ አሁን ምን እንደሆነ ገባት።

«የዚያን ቀን የመጠየቅ ተራው ያንቺ ነበር» አለች። «‹ዛሬ አንቺ ጠይቂ፣ እኔ ደክሞኛል› ያልሽኝ ኩባያውን እኔ እንዳቀብለው ነው?»

ፌቨን አንገቷን ደፋች። ኢንስፔክተሯም ቢሆኑ ይህን አላወቁም ነበር፤ ብዕራቸውን አንስተው ጻፉት።

ፌቨንን ይዘዋት ሲወጡ ሕዝቅያስ በሩን ዘጋ። ሃሴት ጆጉንና ኩባያውን ታስቀምጥበት የነበረውን ባዶ ቦታ ስታይ ቆየች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለኢዮብ እናት ደወለች። «እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ሃሴት» አለች። «ማን እንደገደለው ታወቀ። ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ እሱንም ከኔው ይስሙት ብዬ ነው።»