ሩሓማ ነጥብ አባት ነጥብ ስም

የስክሪኑ የመጨረሻ መስመር አሁንም ቀይ ነው።

«ያንቺው ነው ክራሽ የሚያደርገው» አለ አሞጽ ላፕቶፑን ወደ ሩሓማ እያዞረ። «አባት የሚለውን ባዶ ትተሽዋል። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ማንንም አያገኝም።»

ቴሜስካል ከሚባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከገቡ አንድ ሰዓት አልፏቸዋል። ቤተሰባቸውን የሚያሳየውን የፕሮግራሚንግ ፕሮጀክት ነገ ክፍል ፊት ያቀርባሉ። «ሰው» የሚል ክላስ፣ እንደ ባዶ ቅጽ ያለ ንድፍ፣ ሠርተዋል፤ ከእሱ የሚፈጠር እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱን ስም፣ የሚኖርበትን ከተማና ወደ አባቱ የሚወስድ መንገድ ይይዛል። ሌሎቹ ቡድኖች ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ የጋራ ስም ሰጥተው ተገላገሉ። እነሱ ግን ሁለተኛውን ስም የትም አልጻፉትም፤ ፕሮግራሙ አባትየው ጋ ሄዶ ያመጣዋል። «የኛ ስም እንደዚህ ነው የሚሠራው» ያለችው ራሷ ሩሓማ ነበረች።

«በቃ ሁለተኛ ስምሽን ዝም ብለሽ ታይፕ አድርጊው» አለ አሞጽ። «ማን ያውቃል?»

«ቺቲንግ ነዋ።»

«እንግዲያው አባትሽን ክሪኤት አድርጊያ! ስም፣ የሚኖርበት ከተማ፣ አለቀ። ሳን ሆዜ አይደል የሚሠራው?»

መስከረም ላይ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ሳለች የነገረችው እንደዚያ ነበር። አባቷ ሳን ሆዜ ይሠራል፣ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቀላል ውሸት ነበር። ስትናገረው ማንም ፊቱን አልቀየረባትም።

ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። ባዶውን ብትተወው ስሟ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ዝም ብላ ብትጽፈው ደግሞ ከማንም ያልመጣ ስም ይሆናል።

«አሞጽ።»

«ወዬ።»

«ሳን ሆዜ አይሠራም። ዓምና ሞተ።»

አሞጽ ወደ እሷ ዞረ። «ሩሓማ፣ እኔ እኮ...»

«ሶሪ እንዳትለኝ። ካልክ አልጨርሰውም።»

አላለም። ወንበሩን ጠጋ አደረገና «ከተማ» የሚለውን መስመር ከክላሱ አጠፋው።

«ይሄ ለማንም አያስፈልግም» አለ ስክሪኑን እያየ። «የኔም አባት ቢሆን ሄይዋርድ ነው ያለው፤ ሄይዋርድ ምን ይታያል?»

ሩሓማ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ አዲስ ሰው ፈጠረች፤ ስም በሚለው ቦታ «አምሐ» ብላ ጻፈች፤ ከራሷ ወደ እሱ መንገዱን አገናኘች። ፕሮግራሙን ራን አደረገችው።

ቀዩ ጠፋ። ሩሓማ አምሐ።



«ነገ ከፈለግሽ የኔን ቤተሰብ ብቻ እናሳያለን» አለ አሞጽ ቀስ ብሎ። «እኔ ላቅርበው።»

ሩሓማ ሴቭ አደረገችና ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ያንተን አንተ አቅርብ» አለች። «የኔን እኔ አቀርባለሁ።»